ጋቢ ለብሼ ማሽን ላይ የቆምኩ ቀን

ጉለሌ፣ ጥቅምት መግቢያ

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለአርባ ምንጯ መምህርት፤

እንዴት ከረምሽልኝ የኔ እናት? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ተማሪዎችሽ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያሽ ሁሉ እንዴት ናቸው? አዞዎቹስ? ባለፈው ሐይቁ ዳር ሽርሽር ወጣን ብለሽ ስትነግሪኝ ሌሊቱን ሙሉ አዞ ሲያሳድደኝ አደረ። ሮጬ አመለጥኩት። ጉልበቴ ዘንድሮ የሚሠራው በህልም ብቻ ነው። ቤቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደነበረ ነው። አባትሽ ይወፍራል፣ እናትሽ ትቆጣዋለች፣ እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ነገር አጋግላለሁ። የጳውሎስ የታክሲ ሰልፍም አልተንቀሳቀሰም፤ አንቺን ስንሸኝ ቆመው የነበሩት ሰዎች እስካሁን እዚያው ያሉ ይመስለኛል።

ደብዳቤ ይጻፉልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ። በስልክ እርስዎ ይቀልዳሉ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ስዘጋው ግን ስለ እርስዎ አንድም ነገር እንዳልሰማሁ ትዝ ይለኛል አልሽኝ። ሳስበው እውነትሽን ነው። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። ፊደሌ ቢንሻፈፍብሽ ጠረጴዛው ስለሚነቃነቅ ነው ልልሽ ነበር። ጠረጴዛውን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ የእኔ ጠረጴዛ ደግሞ አይነቃነቅም።

እንግዲህ አንቺም አትሳቂብኝና ልንገርሽ። ከፍልሰታ ጾም ወዲህ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሁልጊዜ አይደለም። ቁጭ ብዬ፣ ጉልበቴ ላይ አሳርፌው፣ ምንም ሳላዘው ነው የሚጀምረው። አውራ ጣቴ ከጠቋሚው ጋር ይሻሻል፣ የማይታይ ክር እንደሚፈትል ሰው። መጀመሪያ ላይ መሮ ስይዝ ይተወኝ ነበር፤ አሁን አሁን መሮ ስይዝም አይተወኝም። ታላቅ ወንድሜን ጌጡን ታስታውሺዋለሽ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሺው ነበር፤ ማንኪያው አፉን ሲስት አብራችሁ ትስቁ ነበር። የእሱም የጀመረው በአንድ ጣት ነው። ያንን ጣት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አውቀዋለሁ። አሁን መጥቶ የእኔ እጅ ላይ ተቀመጠ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሻይ በግራ እጄ መጠጣት ጀመርኩ፤ እናትሽ ምነው ስትለኝ ቀኙ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል አልኳት። ሳቀች። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እጄን ከነጠላዬ ሥር እይዘዋለሁ። ወርክሾፕም ሻካራ ሻካራውን ሥራ ብቻ ነው የምቀበለው፣ የአልጋ እግር፣ የመሰላል እጀታ። ረቂቁን ሥራ ዓይኔ ደክሟል እያልኩ እመልሳለሁ። ዓይኔ እንኳ የመርፌ ቀዳዳ ያያል። ስሙን አጠፋሁት።

በዚህ መሃል ነው የቶርኖ ሰዎች ስብሰባ የመጣብኝ። ሀሳቡ የወይዘሮ ሙሉእመቤት ነው፤ ሸጎሌ መንገድ ላይ ትልቅ የቤት ዕቃ መሸጫ ያላት፣ ሶፋ እያሳየች ሰው ቆሞ እንዲውል የምታደርግ ሴትዮ። ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ፣ ከጅማ ሳይቀር፣ እንጨት እያሽከረከረ በመሮ እንጀራውን የሚበላ ሁሉ ይምጣ አለች፤ ሁሉም መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ማሽኑን አስነሥቶ፣ የሚያውቀውን ሠርቶ ያሳይ። እኔ ዘንድ መጥታ በዕድሜ ትልቁ እርስዎ ነዎት፣ የመዝጊያው ትርኢት የእርስዎ ነው አለችኝ። ትልቁስ ጎረቤቴ ሬድዋን ነው፣ ዕድሜውን ደብቆ ነው እንጂ አልኳት። ሳቀችና ስሜን ጻፈች። ሰው ከሳቀ በኋላ እምቢታ አይሰማም። እምቢ ለማለት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ኪሴን ያወዛውዘው ነበር።

ጋሽ ሬድዋንሽም ተጠርቶ ነበር። ወርክሾፓችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ እንደሆነ፣ መብራታችን አንድ መስመር እንደሆነ፣ ባልቦላው በእሱ በኩል እንደተሰቀለ ታውቂያለሽ። ማሽን እየጮኸ ሰው ቢጣራ አይሰማም። ስለዚህ ገና ጎልማሶች ሳለን ተስማማን፤ እኔ በመሮ እጀታ ግድግዳውን ሁለቴ ከመታሁ እሱ የያዘውን ጥሎ ባልቦላውን ይነቅላል። ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው በኋላ ነው። በሬድዋን ያልቀለድኩበት ነገር የለም፤ ሱሪው፣ ጺሙ፣ ጨው የሚበዛበት ምሳው። በዚያች ምት ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀለድኩም። አንቺ አንዴ ለጨዋታ ብለሽ በእጀታው ግድግዳውን ሁለቴ ብትመቺው ሬድዋን ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣ፣ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተቆጣሁሽ። መጋዙ ሥር ገብተሽ ማልቀስሽ ትዝ ይለኛል። አንቺም የረሳሽው አይመስለኝም።

የስብሰባው ቀን ጠዋት ሁለታችን ሚኒባስ ያዝን። ፍርሃት ሲይዘኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ፣ ሰው እነካካለሁ። ሸጎሌ ላይ ሁለት የበግ ነጋዴዎች ሲገቡ፣ ወደ ሬድዋን እያመለከትኩ እኚህ ሰው የታወቁ የከብት ሐኪም ናቸው አልኳቸው። ሰዎቹ ወዲያው ወደ እሱ ዞረው የሚያስል በግ አለን ብለው ሳሉን ራሳቸው እያሳሉ ያሳዩት ጀመር። ሬድዋን አፍሮ አይደለሁም ማለት አቃተው። ጉሮሮውን ጠራርጎ በጉን ከነፋስ አውጡት፣ ከዚያ ግን ሌላ ሐኪምም ያየው፣ የእኔ ብቻ አይበቃም አለ። ሰዎቹ መርቀውት ወረዱ። እኔ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ፤ እሱ ግን ስንወርድም አልተቆጣኝም። ብቻ መንገዱን ሁሉ በጉ ይድን ይሆን እያለ ሲጨነቅ ነበር።

አዳራሹ ከእጽዋት ማዕከሉ ቁልቁል ስትወርጂ ነው ያለው። በሩ ላይ መሳይ የሚባል፣ ማይክ የማይለየው አስተዋዋቂ ተቀበለን። ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ አጥፌ ሰጠሁት። ጣትዎስ ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ጠዋት፣ እዚህ ማሽናችሁ ላይ ስለማመድ ተቆረጠ፣ ወለሉን ፈልጉልኝ እስቲ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ወለሉን ሲያይ ራሱን አዞረው፤ ሰው ወንበር አመጣለት። ጣቴን አውጥቼ ሳወዛውዝለት በሩ ላይ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ወሬውም ከእኔ ቀድሞ አዳራሽ ገባ። በየረድፉ ሳልፍ ሰው አውራ ጣቱን እያጠፈ ይሰላመኝ ነበር። አንቺ ብቻ እወቂው፤ የታጠፈ እጅ አይንቀጠቀጥም። ለዚህ ነው ያጠፍኩት።

ቀኑ ጥሩ ነበር፣ ለሌላ ሰው። የጅማዎቹ ከአንድ ግንድ በርጩማ ሲያወጡ አየን። ከሆለታ የመጣች ኢፍቱ የምትባል ሴት ደግሞ ከዋንዛ ጉማጅ ጎድጓዳ ሳህን አወጣች፤ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ መስኮቱ ስታነሣው ብርሃን አለፈበት። እኔን የማረከኝ ግን ማሽኑን ከመንካቷ በፊት ያደረገችው ነው። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ጫፉን ሸሚዟ ውስጥ ከተተች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ አምባሯን አወለቀች። ሰው እንዲያያት ብላ አይደለም፣ እጇ ለምዶት ነው። ቶርኖ ቤት የተንጠለጠለ ነገር አይለበስም። እንጨቱ ክሯን ካገኘ ይጠመጥማታል፣ በክሯ ጨርቁን፣ በጨርቁ ሰውየውን። ይሄንን አንቺ ገና መጻፍ ሳታውቂ ነው ያስተማርኩሽ።

ተራዬ ደረሰ። መድረኩ ላይ ስወጣ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እንደ ሕፃን የታቀፈችውን አዲስ ጋቢ ይዛ መጣች። ለአባታችን ክብር ነው ብላ አለበሰችኝ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ደግሞ እጄ ጋቢው ሥር መግባቱ ነው። እንደልቡ ተንቀጠቀጠ፣ ማንም አላየውም። ጭብጨባው ሲበርድ ላወልቀው ግራ እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። እሷ ግን አይውረድብዎት፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ዕለቱ የእርስዎ ነው አለችና ሁለቱን ጫፍ ማጅራቴ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሶፋ መኪና ላይ ስታሳስር የኖረች ሴት ናት። የእሷ ቋጠሮ አይላላም።

እዚህ ላይ ነው ልጄ። ማሽን ባለበት ጋቢ አይለበስም ብል ማንም ባልከፋው ነበር። እዚያ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ብቻ ከክብሩ ብዛት ትዝ ያለው የለም። እኔ ትዝ ብሎኛል። ግን ከወለቀ እጄ ይታያል። አንዱ ፍርሃት ከማሽኑ ሽሽ ይለኛል፣ ሌላው እጅህን ደብቅ ይለኛል፤ የበረታው የእጄ ሆነ። ከነጋቢዬ ቆምኩ።

መሳይ ማይኩን አፌ ላይ ደቅኖ በዚህች ቅጽበት ምን ይሰማዎታል አለኝ።

«ፈርቻለሁ» አልኩት።

አዳራሹ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈርቻለሁ አልኩ። ያኔ ጭራሽ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ አባባ አሁን ደግሞ የትኛውን ጣት ሊያስበሉ ነው ብሎ ጮኸ። እኔ እንግዲህ ያቺን ቃል በሰው ፊት ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ለአያትሽ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልተናገርኳትም። ስናገራት ደግሞ የዕለቱ ምርጥ ቀልዴ ሆነች።

ማሽኑ ከሰበታ በአይሱዙ የመጣ አዲስ ነው። የእኔ ማጥፊያ ጉልበቴ አጠገብ ነው፤ የዚህ ግን በግራ በኩል፣ ከሚሽከረከረው እንጨት ወዲያ ነው። አይቼዋለሁ፣ አልወደድኩትም፣ ዝም አልኩ። ፍጥነቱን ቀንሱልኝ ስላልኩ ቀበቶውን አላልተውልኛል። እጆቼን በጋቢው መግጠሚያ በኩል አወጣሁና መሮውን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ፍቅፋቂው እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ሰው ጸጥ ብሏል፣ የዋንዛው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ለአፍታ ምንም የሌለብኝ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እጄ ጀመረ። መሮው እንጨቱ ላይ ጥርሱን ማንገጫገጭ ያዘ። እጄን ላረጋጋ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ጎንበስ ስል የጋቢው ጥለት ከደረቴ ተንሸራቶ ወረደ። አየሁት። ከእንጨቱ በሚወጣው ነፋስ ዘርፉ ይጨፍራል። አንዷ ክር ከሌሎቹ ቀድማ ሄደች። ወደ ኋላ ልል ስል ያዘኝ።

ሰው ሲጎትትሽ በመሃል ትንፋሽ ይወስዳል። ያ ነገር አይተነፍስም። ጋቢው እንጨቱ ላይ እየተጠመጠመ፣ ቋጠሮው ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ቁልቁል፣ እንጨቱን ወደ ነከሰው የብረት መንጋጋ ወሰደው። ቀበቶው የላላ ባይሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍልሽ አባትሽ ነበር። በግራ እጄ የማሽኑን ራስ ገፍቼ ተገተርኩ። አጥፉት አልኩ። ማይኩ ተቀብሎ ለአዳራሹ አዳረሰው። ሳቁ። አጥፉልኝ ስለ እግዚአብሔር አልኩ። አጨበጨቡልኝ ልጄ። መሳይ ከጎኔ ሆዱን ይዞ ነበር። ጠዋት ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት ሰው አሁን ሁለተኛ አልሞኝም ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም። ያን ጊዜ የታየኝ ሞቱ ራሱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት እያየኝ መሞቴ ነው።

ቀኝ እጄ መሮውን አልለቀቀም ነበር። ያ እምነት ያጣሁበት እጅ። ገለበጥኩና በእጀታው የማሽኑን ብረት መታሁ። ሁለቴ። እዚያ ላይ እጄ ተንቀጥቅጦ ሦስተኛ እንዳይጨምርበት ፈራሁ። ሦስት ምት ምንም ማለት አይደለም። ደገምኩት። ሁለቴ።

ሬድዋን ከመሃሉ ረድፍ ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር፤ እንኳን በሰው ጭብጨባ በመድፍም አይነቃም እያልኩ ስቀልድበት ነው የኖርኩት። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። በተጨመቀው ዓይኔ ጥግ ሬድዋን በሰው እግር ላይ እየተረማመደ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ሲመጣ አየሁት። ወደ እኔ አልመጣም። ወደ ግድግዳው ነው የሄደው። ሶኬቱን ከነሽቦው ነቀለው።

ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። በአገጬና በብረቱ መሃል ይሄ ወረቀት ቢገባ ሌላ ቦታ አይተርፍም ነበር።

ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። መጀመሪያ ከፊት፣ ከዚያ ከኋላ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔ አንገቴ ታስሮ እንደ በግ አጎንብሻለሁ፣ እጄ ደግሞ አሁን በግልጽ፣ በሁሉ ፊት፣ ይንቀጠቀጣል። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ያኔ ሬድዋን፣ በሰርጉ ቀን እንኳ ንግግር አድርግ ሲሉት የተደበቀው ሬድዋን፣ ማይኩን ከመሳይ እጅ ወሰደ። ድምፁ እየተሰነጣጠቀ የተናገረው ይሄ ነው።

«ያያችሁት የመዝጊያው ትምህርት ነው። ማሽን አጠገብ ጋቢ አይለበስም። ሽማግሌው ራሱን አስይዞ ያሳያችሁ እንዳትረሱት ነው።»

ከዚያ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። አቤት ድፍረት አሉ። እጁን እንኳ ሲያንቀጠቅጥ እውነት አስመሰለው እኮ አለ አንዱ። በሕይወቱ ቀልዶ የማያውቀው ሰው፣ የመጀመሪያ ቀልዱን ለእኔ አወጣት፣ እኔን ለመሸፈን። ኢፍቱ ብቻ አላጨበጨበችም። ወደ መድረኩ ወጥታ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች፣ እምቢ ሲላት በመሮ ቆረጠችው። እጄን አየችው። ያንን ስስ ሳህኗን አምጥታ ሁለት መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝና በሁለት እጅ ይያዙት አባባ፣ ይሰበራል አለችኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት። አሁንም አልጋዬ አጠገብ አለ፤ ስትመጪ... ማለቴ፣ አንድ ቀን ታዪዋለሽ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሬድዋን መስኮቱን እያየ ተቀመጠ። ሸጎሌን አለፍን፣ በጎቹን አለፍን፤ ምንም አልቀለድኩም። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ከመቼ ጀምሮ ነው አለኝ። ከተወለድኩ አልኩት። ያኔ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣

«ሁለቴ መትተሃል» አለኝ። «በዚያ አንቀልድም ብለን ነበር።»

ነገርኩት። ፍልሰታውን፣ የጌጡን ጣት፣ የግራ እጄን ሻይ፣ ሁሉንም። ረዳቱ ወራጅ እስኪል ድረስ እጄን በእጁ ይዞ ነበር። ሁለት ሽማግሌ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወርዱ ተሳፋሪው ምን እንዳለ አላውቅም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እኔ ነበርኩ የማስቅባቸው።

በማግስቱ ወርክሾፕ ብሄድ መብራት የለም። ሬድዋን ባልቦላውን ነቅሎ ኪሱ ከትቶታል። የራሱንም ማሽን ጭምር አቁሟል። ሐኪም ዘንድ እስክትሄድ ድረስ ሁለታችንም እንዲሁ እንቀመጣለን አለኝ። ይኸው ተቀምጠናል። ደንበኛ ሲመጣ መብራት ጠፍቷል እንላለን፣ ማንም አይጠራጠርም። ቀጠሮ ያስያዘልኝ እሱ ነው፤ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነው። አብሬህ እገባለሁ ብሏል። የከብት ሐኪም አያስገቡም አልኩት። ሳቀ፣ ግን ባልቦላውን አልመለሰልኝም።

ማሽኑ ማጅራቴን የያዘኝን ያህል ነው ያ ሐሙስ የያዘኝ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ስሙን በወንድሜ ላይ ሰምቼዋለሁ። ሌሊት ነቅቼ ጣቴን አዳምጠዋለሁ፤ ሾርባው ይታየኛል፣ ማንኪያው ይታየኛል። አያሳቅቅሽ።

ለአባትሽ ልነግረው ሞክሬ ነበር። እራት ላይ እጄን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ደህና አድርጎ ተንቀጠቀጠ። አባባ ደግሞ ይሄን ከየት ተማሩት ብሎ ሳቀ፣ እናትሽም ሳቀች። የአዳራሹን ወሬ ሰምተዋላ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው የእኔን ድፍረት ነው። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁና እጄን ወደ ኪሴ መለስኩት። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሲስቁ ደስ ይላሉ።

ነይ አላልኩሽም። ተማሪዎችሽ ፈተና እንዳላቸው አውቃለሁ፣ መንገዱም ረጅም ነው፣ አዞዎቹም ይናፍቁሻል። ይጻፉልኝ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት።

በይ ደህና ሁኚልኝ። እግዚአብሔር ከአዞም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። ያስተማርሽው ይግባው፣ ጣሪያሽ ይደፈን፣ እጅሽ የነካው ይጽና። ባል የመጣ እንደሆነ እንጨት እንደምንመርጠው አንኳኩተሽ ምረጪው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ድምፁ ያስታውቃል። ካላወቅሽበት ለእኔ አምጪው፣ እኔ አንኳኩልሻለሁ። እመቤቴ ጥላዋን ትጣልብሽ።

ዕድሜሽን ሙሉ ሲያስቅሽ የኖረው
አያትሽ

ይሄን ከፈረምኩ በኋላ መሮዬን አንሥቼ በእጀታው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታሁት። አርባ ምንጭ ድረስ ስለማይሰማ ነው የምጽፍልሽ።